ያልተፈጸመው የደቡብ ምዕራብ አውራ ጎዳናና ተለዋዋጩ ወሰን
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ስለ መንገድ ንግግር እንዳቀርብ ስጠየቅ፣ ስለ አስፋልት ውፍረት ወይም ስለ ጠጠር ጥራት እናገራለሁ ብላችሁ የገመታችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። በዚያ ረገድ ከእኔ የተሻሉ ባለሙያዎች በዚህ አዳራሽ ስላሉ ለእነርሱ እተወዋለሁ። እኔ የመረጥሁት ጉዳይ በንድፍ ወረቀታችን ላይ በነጠብጣብ መስመር ብቻ የሚታይ፣ በምድር ላይ ግን ከገደልና ከረግረግ ያላነሰ መሰናክል ሆኖ የኖረ ነው፤ ይኸውም ወሰን ነው። ምሳሌዬም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ፣ በቦንጋና በሚዛን ተፈሪ አድርጎ ወደ ዲማ የሚወርደው፣ ከዚያም ወዲያ ቦማ ይደርሳል ተብሎ በተደጋጋሚ ታቅዶ እስከ ዛሬ ያልተፈጸመው ጎዳና ነው።

የነገሬን ፍሬ ከወዲሁ ልግለጽ። ይህ ጎዳና ሳይፈጸም የቀረው ገንዘብ ስላነሰ፣ ዝናብ ስለ በዛና አገሩ ተራራማ ስለ ሆነ ብቻ ነው የሚለውን የተለመደ አስተያየት አልቀበለውም። ገንዘቡ አንሷል፤ ዝናቡም በዝቷል። ነገር ግን መንገድ ሊፈጸም የሚችለው መድረሻው የታወቀ እንደ ሆነ ነው። የዚህ ጎዳና መድረሻ ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ወሰን በተነቃነቀ ቁጥር አብሮ ሲነቃነቅ ኖሯል። እኛም መሐንዲሶች ትናንት የተሰጠንን ጫፍ ለመድረስ ስንቆፍር፣ ጫፉ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር አይተናል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት መኪናም ባቡርም ወዳልነበረበት ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የከፋ መንግሥት ወሰኑን በጉድባና በኬላ አጥሮ ራሱን ችሎ በኖረበት ጊዜ፣ የደቡብ ምዕራብ ንግድ ወደ ሰሜን እንጂ ወደ ምሥራቅ አይጓዝም ነበር። ከቦንጋ የሚነሣው የሲራራ ነጋዴ ጎጀብን ይሻገርና በጅማና በጊቤ አገሮች አልፎ፣ ከዓባይ ማዶ የጎጃምን የባሶ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያም በጎንደር አድርጎ ምጽዋ ይወርዳል። የዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ የወርቅና የቡና መንገድ ነበር። የሰው ልጅም እንደ ሸቀጥ የተነዳበት መንገድ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም። ስለዚህ ዛሬ ሁላችንም እንደ ተፈጥሮ ሕግ የምንቆጥረው፣ የደቡብ ምዕራብ መንገድ ሁሉ ወደ መናገሻ ከተማ መምራት አለበት የሚለው አሳብ፣ በዕድሜው ከእኛ አያቶች ብዙም የማይበልጥ ነው።

አቅጣጫው የተለወጠው በወረቀት ላይ ነው። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ሦስት ክፍሎች ነበሩት፦ አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ተነሥቶ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ። ይህ ሦስተኛው ክፍል የዛሬው ጎዳናችን የመጀመሪያ ንድፍ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። የሚያስገርመው ግን ፈቃዱ በተሰጠበት ዓመት ከፋ በምኒልክ መንግሥት ሥር አለመሆኑ ነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የዘመቱበት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከወሰኑ ቀድሞ ታቀደ ማለት ነው። በፍጻሜው የመጀመሪያው ክፍል ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ድሬዳዋ ገባ፤ ሁለተኛው በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ሦስተኛው ግን አንድ ሐዲድ እንኳ ሳይነጠፍበት ቀረ።

ለምን ቀረ? ገንዘብ አንዱ ምክንያት መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም በመካከሉ ሌላ ወረቀት ተፈርሟል። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የሱዳንን ወሰን የሚወስን ውል ተደረገ። ወሰኑ በደቡብ በኩል ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ተከትሎ ይወርድና 6ኛው የሰሜን ኬክሮስ 35ኛውን የምሥራቅ ኬንትሮስ በሚያቋርጥበት ነጥብ ላይ ያበቃል። ከሚዛን ተፈሪ አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ፣ ጥቂትም ወደ ምዕራብ የሚገኝ ቦታ ነው። ቀያሾች ያልረገጡትን ምድር በኬክሮስና በኬንትሮስ መክፈል በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። በሁለት የሐሳብ መስመሮች መገናኛ ላይ ገበያ፣ መንደርና የውኃ ጉድጓድ ይኑር አይኑር የጠየቀ አልነበረም።

በዚያው ውል ውስጥ ለእኛ ሙያ ይልቁንም የሚጠቅሙ ሁለት አንቀጾች አሉ። በአራተኛው አንቀጽ እንግሊዞች በባሮ ዳር በኢታንግ አካባቢ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ሰፈር እንዲከራዩ ተፈቀደላቸው። በአምስተኛው አንቀጽ ደግሞ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ የምድር ባቡር በኢትዮጵያ መሬት ላይ የመሥራት መብት አገኙ፤ መስመሩም በሁለቱ ወገኖች ስምምነት እንዲመረጥ ተባለ። ይህም ሐዲድ አልተነጠፈም። እንግዲህ በስምንት ዓመት ጊዜ ውስጥ በአንድ አካባቢ ሁለት የባቡር መንገዶች በጽሑፍ ተፈቀዱ ማለት ነው፤ አንዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ሁለተኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ፤ ሁለቱም ከወረቀት አልወጡም።

የተሠራው የንግድ ሰፈሩ ነው። ሰፈሩ በ1896 ዓ.ም. በኢታንግ ሳይሆን በጋምቤላ ተቋቋመ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ጋምቤላ ድረስ ይዘልቅ ስለ ነበር፣ የጎሬና የአካባቢው ቡና በአጋሰስና በሰው ጀርባ ወደዚያ ይወርድ ጀመር። ከዚህ በኋላ የደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር በሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ክፍል ፊቱን ወደ ጋምቤላና ወደ ካርቱም፣ ሌላው ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ አዞረ። በውኃ አነጋገር እናስቀምጠው ብንል፣ በአንድ ደን ውስጥ የንግድ የውኃ ክፋይ ተፈጠረ ማለት እንችላለን። የጋምቤላው ሰፈር ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ መርከቡም ቀረ። ክፋዩ ግን አልጠፋም። ጎሬና ሚዛን ተፈሪ እርስ በርሳቸው ጀርባ ሰጥተው የቀሩት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጠላት ወረራ ዘመንን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ጣልያኖች ከ1928 ዓ.ም. በኋላ አገሪቱን በአዲስ መልክ ሲሸነሽኑ ጅማን የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ግዛት ማእከል አደረጓት፤ ከአዲስ አበባም እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የመኪና መንገድ ዘረጉ። በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማ ከእጃቸው ስትወጣ ሥራው ከጅማ ወዲያ ይህን ያህል የሚነገርለት አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ የመጣው ዘመን ለጎዳናችን ከሁሉ የተሻለው ዘመን ነበር፤ ምክንያቱም ወሰኑ ጥቂት ነበር። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ መሠረት አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት ስትከፈል፣ ከጊቤ ወንዝ ወዲህ ያለው የሸዋ፣ ከጊቤ ወዲያ ያለው እስከ ማጂ ድረስ የከፋ ሆነ። ጅማ፣ ቦንጋ፣ ሚዛን ተፈሪና ማጂ ሁሉም በአንድ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ተጠቃለሉ። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአውራ ጎዳና ሥራ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሰጠ፤ ባንኩ በአፍሪካ ምድር ካበደረው ገንዘብ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዋና ከተማ ወደ ጠቅላይ ግዛት ከተማ፣ ከጠቅላይ ግዛት ከተማ ወደ አውራጃ ከተማ የሚለው የሥራ ቅደም ተከተል የተተከለውም በዚህ ጊዜ ነው። በዚህ ሥርዓት የከፋ መንገድ ከጅማ ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በጠጠር ዘለቀ።

ሥርዓቱን አልነቅፍም፤ አገርን ለማስተሳሰር ከዚያ የተሻለ መነሻ አልነበረም። ነገር ግን መንገዶች እንደ መንኮራኩር ዘንግ ከመሐል ወደ ዳር ሲዘረጉ፣ ዳር ያሉትን እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ዙሪያው ተረስቶ ይቀራል። ሚዛን ተፈሪ የከፋ ነበረች፤ ጎሬና ማሻ የኢሉባቦር ነበሩ። በመካከላቸው የቴፒ የቡና አገር አለ። ከጎሬ በማሻ፣ በቴፒና በሚዛን አድርጎ ሁለቱን ጠቅላይ ግዛቶች ማያያዝ የሚገባው መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ ስላልሆነ፣ በየትኛውም ጠቅላይ ግዛት ዕቅድ ራስጌ ላይ አልተጻፈም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጠጠር ሆኖ የኖረውም ስለዚህ ነው። በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት፣ በጋውና ክረምቱ በውል በማይለይበት አገር ጠጠር ምን ያህል እንደሚቆይ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

አሁን ወደ ወሰኖቹ መበርከት እንምጣ። በ1980 ዓ.ም. በሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አገሪቱ በ24 የአስተዳደር ክልሎችና በ5 ራስ ገዝ ክልሎች ተከፈለች፤ ጋምቤላም ራሱን የቻለ የአስተዳደር ክልል ሆነ። በ1984 ዓ.ም. የሽግግሩ መንግሥት በብሔረሰብ ላይ የተመሠረተ የ14 ክልሎች አወቃቀር አወጀ፤ ብዙም ሳይቆይ በደቡብ የነበሩት አምስቱ ተጠቃለው አንድ የደቡብ ክልል ሆኑ። ጅማ ወደ ኦሮሚያ ሄደች፤ ቦንጋና ሚዛን በደቡብ ክልል ቀሩ፤ ዲማ በጋምቤላ ክልል ሆነ። በዚህ ጊዜ ጎጀብ እንደ ጥንቱ የከፋና የጅማ ወሰን ሆኖ ተመለሰ። በጎሬና በማሻ በኩልም ነገሩ ተገለባበጠ። ጎሬ ኦሮሚያ ውስጥ ስትቀር ማሻ ወደ ደቡብ ክልል በመዞሯ፣ ቀድሞ በማሻና በሚዛን መካከል የነበረው ስፌት ወደ ጎሬና ማሻ መካከል ተዛወረ። መንገዱ ያው ነው፤ ጠጠሩም ያው ነው፤ የተዛወረው መገጣጠሚያው ነው።

የአስተዳደር ወሰን የቢሮ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው የቴፒን ታሪክ ማስታወስ አለበት። ቴፒና አካባቢዋ የትኛው ዞን፣ የማን አስተዳደር ይሁን በሚለው ጥያቄ የተነሣ በ1994 ዓ.ም. በተፈጠረው ግጭት የብዙ ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል። በእንዲህ ያለ ቦታ ቀያሽ ካስማ ሲተክል፣ ካስማውን የሚያየው ገበሬ «መንገድ ሊሠራ ነው» ብሎ ብቻ አያስብም፤ «ወሰን ሊከለል ነው» ብሎም ይሠጋል። ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አንችልም። ከመሐንዲስነት ትምህርታችን ውስጥ ያልተካተተ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ለውጥ ተደረገ። በመስከረም ወር በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ መሠረት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር ወር 11ኛው ክልል ሆኖ ተመሠረተ። ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ምዕራብ ኦሞ፣ ዳውሮና ኮንታ በአንድ ላይ ሆኑ። መቀመጫውም ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለተርጫ ተከፋፈለ። ብዙ ሰዎች በዚህ የመቀመጫ ክፍፍል ሲያላግጡ ሰምቻለሁ። እኔ ግን በመንገድ ሠሪ ዓይን ስመለከተው ደስ የሚያሰኝ ነገር አገኘሁበት፤ መቀመጫው በአራት ከተሞች የተከፈለ ክልል፣ ከተሞቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ መንገድ ከሌለው መንግሥት ሊሆን አይችልምና። ዙሪያው መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጮህለት ባለቤት አገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ የተመሠረተው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ሁለቱን ከተሞች አጣምሮ፣ ግቢውንም በሁለቱ ከፍሎ ሲሠራ ቆይቷል፤ በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሲበላሽ ስሙም ይሰነጠቃል ማለት ነው።

በ1934 ዓ.ም. ከሸዋና ከከፋ በቀር ሌላ ጠቅላይ ግዛት ሳይነካ የሄደው ይህ ጎዳና፣ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ ከአዲስ አበባ እስከ ዲማ ድረስ አራት ክልሎችን ያቋርጣል፤ ኦሮሚያን፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያን፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያንና ጋምቤላን። ይህን የምናገረው የትኛው አከፋፈል ይሻላል ለማለት አይደለም፤ እርሱ የፖለቲከኞችና የሕዝቡ ጉዳይ ነው። የእኛ ጉዳይ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ የሚሆነውን ማየት ነው።

በመገጣጠሚያ ላይ ምን ይሆናል? የዋና ዋና መንገዶች ባለቤት የፌዴራሉ መንግሥት፣ የገጠር መንገዶች ባለቤቶች ክልሎች ናቸው። ለጥገና የተመደበ ግሬደር ወሰኑ ላይ ሲደርስ ይዞራል። በማዶ ያለው ግሬደርም እንዲሁ ይዞራል። በሁለቱ መዞሪያዎች መካከል ማንም ያልነካው ጥቂት መቶ ሜትር ይቀራል። ውኃ ግን ወሰን አያውቅም። በላይኛው ወገን በሚገባ የተቆፈረ ቦይ ውኃውን አጠራቅሞ ሲያበቃ ባልተቆፈረው ወገን ላይ ይለቀዋል፤ ቀዩ አፈርም ተንዶ መንገዱን ይዞት ይሄዳል። የተንሸራተተውን ያየ ሁሉ ተራራውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የተራራው ሳይሆን ቦዩ ከቦይ ጋር አለመገናኘቱ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የካሣ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997ም ሆነ እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለመንገድ ሲባል ንብረቱ የሚነሣበት ገበሬ ካሣ የማግኘት መብት አለው፤ ንብረቱን አስቆጥሮ ካሣውን የማስፈጸሙ ሸክም በአብዛኛው የሚወድቀውም በአካባቢው አስተዳደር ላይ ነው። በቡና አገር ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የቡና ችግኝ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል፤ በጥላ ዛፍ ሥር ያለውን ቡና ከጫካ ቡና መለየትም ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ቆጠራው በአንድ ዞን ተጀምሮ ዞኑ ለሁለት ቢከፈል፣ መዝገቡ ወዴት ይሄዳል? ቤንች ማጂ ይባል የነበረው ዞን ተከፍሎ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ሲሆን ሚዛንና ማጂ ተለያይተዋል። ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚሸጋገር ዶሴ በክረምት መንገድ ላይ እንደ ተያዘ መኪና ነው፤ መድረሱ አይቀርም ይሆናል፣ መቼ እንደሚደርስ ግን የሚያውቅ የለም። እስከዚያው ድረስ ገበሬው መሬቱን አይለቅም፤ ተቋራጩም ስለ ቆመበት ጊዜ ሒሳብ ያቀርባል።

ይህን ካልሁ በኋላ የተሳካውን አለመመስከር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. የአፍሪካ ልማት ባንክ ከጅማ እስከ ሚዛን ያለውን 227 ኪሎ ሜትር ወደ አስፋልት ለማሳደግ ብድር ፈቅዶ፣ በ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ አስፋልቱ ሚዛን ገብቷል። ቀድሞ በጭቃ ሲታገል ያድር የነበረ የጭነት መኪና ዛሬ የሚዛንን ቡና ይዞ በአንድ ቀን ጉዞ ከጅማ ያልፋል። የቴፒና የበበቃ ቡና በየስማቸው በዓለም ገበያ የሚጠሩ ናቸው፤ ስማቸውን ያቆመው አፈሩና ጥላው ነው፤ ጥራታቸው ሳይበላሽ ወደብ እንዲደርሱ የሚያደርገው ግን መንገዱ ነው። እርጥብ ቡና በመንገድ ላይ ከዘገየ ይሻግታል፤ የሻገተ ቡና ደግሞ የየትም አገር ቡና ቢሆን ዋጋው አንድ ነው።

እንግዲህ ከሚዛን ወዲያስ? ከሚዛን ወደ ጉራፈርዳና ወደ ዲማ አቅጣጫ ስንወርድ፣ በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ «እስከ ነጭ ዓባይ» የተባለውን አሳብ እንደ ገና እናገኘዋለን። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የምድር ባቡር መረብ ሲነደፍ፣ አንዱ መስመር ከአዲስ አበባ በኢጃጂና በጅማ አድርጎ በጉራፈርዳ ወደ ዲማ፣ ከዚያም ወደ ቦማ እንዲያመራ ተስሎ ነበር። የኢልግ ሦስተኛ ክፍል ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በአዲስ ቀለም ተመለሰ ማለት ነው። ይህም መስመር አልተሠራም።

ዕቅዱ በተነደፈበት በዚያው ዓመት ወሰኑ ራሱ ባለቤት ለወጠ። በሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ሆነች። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው፣ በኋላም በ1964 ዓ.ም. ከሱዳን ጋር በደብዳቤ ልውውጥ የጸናው መስመር፣ አሁን ኢትዮጵያን ከሌላ ሦስተኛ መንግሥት ጋር የሚያዋስን ሆነ። በማዶውም ቢሆን ውስጣዊው አከፋፈል አልረጋም። ቦማ የጆንግሌ ነበረች፤ በ2008 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ክፍለ ግዛቶች ቁጥር ሲበዛ በስሟ የሚጠራ ክፍለ ግዛት ተቋቋመ፤ በ2012 ዓ.ም. ያ ቀርቶ የታላቁ ፒቦር አስተዳደር አካባቢ ተመለሰ። በዲማ በኩል ያለ መሐንዲስ መንገዱን የሚያገናኝለትን አቻ መሐንዲስ ለማግኘት ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ደብዳቤው ሳይደርስ የቢሮው ስም ይለወጣል።

በየካቲት 2004 ዓ.ም. በላሙ የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች ተገኝተው የወደቡንና የመተላለፊያ መስመሩን ሥራ ሲያስጀምሩ፣ የዲማና የቦማ መንገድ ደጋፊዎች በካፖኤታ በኩል ከዚያ ጋር እንገናኛለን ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። የኢትዮጵያው ቅርንጫፍ ግን በሞያሌና በሐዋሳ በኩል ተነደፈ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ለደቡብ ሱዳን 738 ሚሊዮን ዶላር አበድራ፣ ከፓሎች በማይውት እስከ ፓጋክ የሚደርስ 220 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲሠራ፣ ብድሩም በድፍድፍ ነዳጅ እንዲመለስ ስምምነት ተደረገ። ፓጋክ የሚገናኘው ከጋምቤላ ጋር ነው። ስለዚህ ጫፉ እንደ ገና ሸሸ ማለት ነው፤ በ1896 ዓ.ም. መርከቡ ንግዱን ወደ ባሮ እንደ ሳበው ሁሉ፣ ዛሬም ነዳጁ መንገዱን ወደ ባሮ ስቦታል።

ይህ ለሚዛን ሰዎች አሳዛኝ ዜና ነው ወይ? ብዙዎቹ እንደዚያ ያዩታል። እኔ በዚህ ላይ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ከመቶ ዓመት በላይ ያጠፋነው ስሕተት ጎዳናውን የምንመዝነው በሩቁ ጫፉ ስለ ሆነ ነው። ነጭ ዓባይ፣ ካርቱም፣ ቦማ፣ ላሙ እየተባለ ጫፉ በተሸጋገረ ቁጥር፣ በመንገዱ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ሳይታሰቡ ቀርተዋል። ከጉራፈርዳ በምጥ የተያዘች ሴት ወደ ሚዛን ሆስፒታል ስትወሰድ የምትፈልገው መንገድ ቦማ መድረሱን ሳይሆን በዚያች ሌሊት መኪና ማሳለፉን ነው። ከማሻ ማርና ቡና ወደ ቴፒ የሚያወርድ ነጋዴም እንደዚሁ ነው። ለእነርሱ መንገዱ የሚፈጸመው ድንበር ሲደርስ አይደለም።

ስለ ሆነም ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ ትልቅ ዕቅድ አይደለም። ትላልቆቹን ዕቅዶች መንግሥታት ይነድፋሉ፤ ሲነድፉም ኖረዋል። በየወሰኑ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ጥቂት መቶ ሜትር ግን የማንም ዕቅድ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የክልልና የዞን ወሰን በሚያቋርጥ መንገድ ሁሉ፣ ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያለውን ጥቂት ኪሎ ሜትር አንድ ወገን ብቻ፣ በተራም ሆነ በክፍያ፣ እንዲጠግነው የሚያስገድድ የጋራ ውል ቢኖር፣ ወጪው ከአንድ ድልድይ ወጪ የሚያንስ ይመስለኛል። የካሣ መዝገብም ቆጠራው በተፈጸመበት ቀን ግልባጩ በመንገዱ ባለቤት መሥሪያ ቤት እንዲቀመጥ ቢደረግ፣ ወረዳው ወደየትኛውም ዞን ቢዛወር የገበሬው ቡና ተቆጥሮ ይገኛል። በሸካና በከፋ ያሉት ደኖች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተመዘገቡ የሕይወት ሀብት ጥብቅ ሥፍራዎች ስለ ሆኑም፣ መንገዱ በደኑ ውስጥ ሲያልፍ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይቆፈር መጀመሪያውኑ የውኃ መውረጃው ተጠንቅቆ መሠራት አለበት። አንድ ጊዜ ቦዩ የተበላሸበት መንገድ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ አዲስ መቁረጫ ይፈልጋል፤ ያ መቁረጫ የሚያልፈው በዛፍ ላይ ነው።

ለመጀመሪያ የሚሆን ሥራ እዚሁ አለ። ከጎጀብ ድልድይ እስከ ዲማ፣ ከሚዛንም በቴፒና በማሻ እስከ ጎሬ ድረስ ያሉትን የውኃ መውረጃ ቱቦዎችና ድልድዮች፣ እያንዳንዳቸው በማን የሥራ ክልል ውስጥ እንደሚገኙና ማን ሊጠግናቸው እንደሚገባ ጭምር በአንድ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር ቡድን አባሎቻችን ቢያቋቁሙ፣ በአንድ በጋ ሊፈጸም የሚችል ሥራ ነው። የ«ጠጋኝ» ዓምድ ባዶ ሆኖ የሚቀርባቸው ገጾች የትኞቹ እንደሚሆኑ ከወዲሁ ለመናገር አልደፍርም፤ መዝገቡን ግን ከቴፒና ከሚዛን መካከል እንድንጀምር እመክራለሁ።